አኮ ከመርዶ ስትሸሽ

እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ከቤቱ ሳይወጣ፣ መደቡ ላይ እንደተቀመጠ። አያቴ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ በዕድሜዋ ስንት ቤት ከመርዶ ነጋሪ ጋር አብራ ገብታለች። ስለዚህ አንድ ሰሞን ገና ጎህ ሳይቀድ እየተነሳች ከቤት ትወጣ ጀመር። ቤቱ ያልተገኘን ሰው ማን ያረዳዋል?

እኛ አኮ ነው የምንላት፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ቤታችን ከሮቤ ወደ አጋርፋ ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ከቤቱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ የገብስ ማሳችን አለ። አኮ ቡሉኮዋን ተከናንባ ዱላዋን ይዛ ወደዚያ ትወጣለች። «ወዴት ነው?» ስትባል «ከርከሮ ልጠብቅ» ትላለች። ከርከሮ ገብስ መውደዱ እውነት ነው፤ ከገባ ማሳውን ገልብጦት ነው የሚያድረው። ችግሩ ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ከገባም በኋላ አኮ ከርከሮ መጠበቋን አላቆመችም። ባዶ ማሳ ዳር ቁጭ ብላ ባዶ መሬት ትጠብቃለች።

ብቻዋን እንዳትሆን አባቴ እኔን ያስከትለኝ ነበር። የባሌን የጠዋት ብርድ የማያውቅ ሰው ይኼን ቀላል ነገር አድርጎ ያነበው ይሆናል። ጉሙ ከመሬት ተነስቶ እግር ውስጥ ይገባል፤ አፍንጫ የራስ መሆኑ ይረሳል። ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። አሁን አሥረኛ ገብቻለሁ፣ ብዕር ከያዝኩም የሚያስቆመኝ የለም። መጀመሪያ ግን መርዶው የማን እንደሆነ ልናገር።

የአጎቴ ነው። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ የአኮ የመጨረሻ ልጅ። ስለ እሱ ስጽፍ ፊቴ ሳላውቀው ይስቃል። ቁመቱ ረጅም ነው፤ ጆሮዎቹ ወደ ውጭ የወጡ ናቸው፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር «ያዙኝ፣ ልበር ነው!» ብሎ የእኔን ትከሻ ይጨብጣል። ለበሬዎቹ የሚዘፍነው ዘፈን ግጥሙ ሁሌ የተሳሳተ ነው፤ በሬዎቹ ግን ለምደውታል። አኮ አንድ ቀን ተናዳ፣

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ መቼ ነው ሰው የምትሆነው?» አለችው።

«አዮ፣ እናቴ፣ ሰውማ ሞልቷል። እኔ ሌላ ነገር ልሁን ብዬ ነው።»

አኮ ዱላ አነሳች፤ እሱ ሮጠ፤ እሷም ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች።

የራሱ መሬት አልነበረውም። የአባቱን ማሳ የወረሰው ታላቁ፣ አባቴ ነው። ስለዚህ አጎቴ በመኸር ጊዜ ኮምባይነር ከሚያጭድበት ማሳ ወደሚያጭድበት ማሳ እየተከተለ ጆንያ ይሰፋ ነበር። ስንዴው ከማሽኑ አፍ እየወረደ ጆንያውን ሲሞላ፣ የጆንያውን አፍ በትልቁ መርፌ የሚዘጋው እሱ ነው። እጁ ሲሮጥ አይታይም። መርፌው ገባ ሲሉት ወጥቷል። እኔ ምሳ ላደርስለት ሄጄ፣ ምሳውን ይዤ ቆሜ እጁን ሳይ ወጡ ይቀዘቅዝ ነበር።

ያን ዓመት በሰሜን ጦርነት ተነሳ ተባለ። ከቀበሌም ከወረዳም ሰዎች መጡ፤ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ይዘው። ሰው ቤት ለቤት አልፈለጉም። የት እንደሚገኝ ያውቁ ነበር፤ በቀጥታ ኮምባይነሩ ወዳለበት ማሳ ነዱ። ጎረምሳ ሁሉ እዚያ ነው። አንዱ መኪናው ላይ ቆሞ ስለ አገር ተናገረ፤ ዘመቻውን ጨርሶ የሚመለስ መሬት እንደሚሰጠው ተናገረ። አባቴ እዚያ ነበርና ሁሉንም የሰማሁት ከእሱ ነው። ማንም ቀድሞ አልተነሳም። ሁሉም እግሩን ያያል። ያኔ የኮምባይነሩ ረዳት ከማሽኑ ላይ ሆኖ ወደ አጎቴ እየጠቆመ ጮኸ፦

«ያቺን ሙሽራ ተዉአት! መርፌዋን ይዛ ትስፋ!»

ማሳው በሳቅ ሞላ። አጎቴም ሳቀ፤ ቀልድ የሚጠላ ሰው አልነበረም። ስቆ ሲያበቃ መርፌውን ጆንያው ላይ ሰካው፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ሄዶ መኪናው ላይ ወጣ። ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉ። የጆንያው አፍ ግማሹ ተሰፍቶ ግማሹ ተከፍቶ ቀረ።

«ወንድሜን የወሰደው ጦርነት አይደለም፣ ሳቅ ነው» ይላል አባቴ እስከ ዛሬ። ረዳቱ አልዘመተም። እግሩን ያመዋል ተባለ።

መኪናው በእኛ በር አጠገብ ሲያልፍ አልቆመም። አጎቴ ከላይ ሆኖ እጁን አወዛወዘና «ምሳዬን እንዳትበሉብኝ!» አለ። ሚስቱ ምሳውን ቋጥራ ልትልክለት በር ላይ ቆማ ነበር። የጎባ ልጅ ናት፤ ከተጋቡ ዓመት አልሞላቸውም። የተቋጠረውን እንደያዘች ቀረች። ከከተማ መጥታ ላም ማለብ የተማረችው ከእኔ ነው፤ እትዬ እላታለሁ፤ ስታልብ ላሟን «ይቅርታ» ትላት ነበር።

ጦርነቱ ቆመ የተባለውን በሬዲዮ ሰማን። ቀስ በቀስ የተረፉት መመለስ ጀመሩ። ከአጋርፋ በኩል ከአጎቴ ጋር በአንድ ቀን የዘመተ፣ አንድ ምሽግ ውስጥ የከረመ ልጅ እያነከሰ ተመለሰ። አንድ ጁምዓ የእኛ ሰፈር መስጊድ መጥቶ ሰገደ። ከሶላት በኋላ ከሸኹና ከሽማግሌዎቹ ጋር ዛፍ ሥር ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ። ከዚያ የእኛን ቤት በሩቅ ዞሮ፣ በወንዙ በኩል አድርጎ ሄደ።

አኮ ከአጥሩ ሥር ቆማ አየችው።

«ከአንድ ጉድጓድ የወጣ ሰው፣ የጓደኛውን እናት ሰላም ሳይል ያልፋል?» አለች። ማንንም አይደለም የጠየቀችው። ዳግመኛም አልጠየቀች። በማግስቱ ከርከሮ መጠበቅ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራም። አባቴ ያውቃል፤ ግን መርዶ የራስ ሰው አይናገርም፣ ነውር ነው። እናቴ ታውቃለች። ትምህርት ቤት ልጆቹ ሳይቀሩ ከእኔ ጋር ሲጫወቱ ቶሎ ይሸነፉልኝ ጀመር። የአጎቴ ሚስትም ታውቃለች። ለእሷ ግን እናትየው ሳትረዳ መናገር አይቻልም፤ እናትና ሚስት አንድ ላይ ነው የሚነገራቸው። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ አንዷ ጎህ ሲቀድ ትሸሻለች፣ ሌላዋ ጎህ ሲቀድ ተነስታ፣ ተጣጥባ፣ ሻሿን አስራ፣ መደቡ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች።

አንድ ጠዋት ጉንፋን ይዞኝ ከቤት ቀርቼ ነበርና የሆነውን በዓይኔ አየሁ። ሸኹ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ያ የሚያነክሰው ልጅ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል።

«አከም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ?»

«አልሐምዱሊላህ። ግቡ አባ ሸኽ።»

«እናታችን የሉም እንዴ?»

«ማሳ ወጥተዋል።»

«በዚህ ብርድ?»

«ከርከሮ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኛ እንኳ የመጣነው… ምሳር ልንዋስ ነው» አለ። ሁለተኛው ሽማግሌ ትከሻው ላይ ምሳር ነበር። የአጎቴ ሚስት አይታዋለች። ግን ገብታ የእኛን ምሳር አምጥታ ሰጠቻቸው። ሦስት ሰዎች ሁለት ምሳር ይዘው ጉሙ ውስጥ ገቡ። ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ዞር ብላ አየችኝ፤ አልተቆጣችም። ሻሿን ፈታች፣ እንደገና አሰረችው።

በማግስቱ ምሳሩን ሊመልሱ መጡ፤ አኮ የለችም። ሌላ ቀን በሬ ጠፍቶባቸው መጡ። ሌላ ቀን የጠፋው በሬ መገኘቱን ሊነግሩን መጡ። ቀደም ብለው ሲመጡ አኮም ቀደም ብላ ትወጣለች። ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ያገኟታል፤ ስለ ዝናብ ያወሯታል፤ እሷም ስለ ዝናብ ትመልሳለች። ፀሐይ ወጥቶ፣ እህል ተቀምሶ፣ መንገድ ላይ ቆማ ያለችን እናት ማን ደፍሮ ይነግራታል?

አንድ ጊዜ የአጎቴ ሚስት ሸኹን እስከ አጥሩ ድረስ ሸኘቻቸው።

«አባ ሸኽ፣ ለእኔ ለብቻዬ ይንገሩኝ።»

«ምኑን ልጄ?»

«ምኑን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።»

«እናት እያለች ለሚስት አይቀደምም። እሳቸው ይቀመጡ፣ ኢንሻአላህ።»

«ባይቀመጡስ?»

«ይቀመጣሉ።»

«ከርከሮው ካላለቀስ?»

አንደኛው ሽማግሌ ፈገግ አለና ወዲያው አፈረ። ሸኹ ከዘራቸውን እያዩ «ሰብር ነው ልጄ፣ ሰብር» ብለው ሄዱ። ሰብር ትዕግሥት ነው። ለሚጠብቅ ሰው ትዕግሥት ማዘዝ ቀላል ነው፤ ራሳቸው ቁርሳቸውን ሊበሉ ነበር የሚሄዱት።

የዒድ ዋዜማ የሆነውን ግን አልረሳውም። አኮ ሂና በጥብጣ የአጎቴን ሚስት ጠራቻት።

«እጅሽን አምጪ።»

«እማ፣ ዘንድሮ ይቅርብኝ።»

«ባልሽ በዒድ ቢመጣ እንዲህ ደርቀሽ ሊያገኝሽ ነው? አምጪ አልኩሽ!»

ሰጠቻት። አኮ አጎንብሳ ጣቶቿን አንድ በአንድ ቀባቻት፤ መዳፏ መሃል ክብ አደረገችላት። ሁለቱም ያውቃሉ። ሁለቱም ሂናውን ያያሉ። ሲደርቅ ቀይ ሆኖ ወጣ፣ እንደ ሙሽራ። ዒድ ዕለት ዘመድ ሁሉ ያንን እጅ እየሳመ ዓይኑን ያዞር ነበር። ከጎባ አባቷ መልእክት ላኩ፤ «ልጄ የሰው ሚስት ናት ወይስ ሌላ? ቁርጡን ንገሩኝ» ብለው። አባቴ መልእክተኛውን ሻይ አጠጥቶ፣ ስለ ስንዴ ዋጋ አውርቶ መለሰው።

ዒድ ካለፈ በኋላ ነው፣ ሂናው ከጥፍሯ ሳይለቅ። ከአኮ ጋር ዳገቱ ላይ ነን። ጉሙ እየተገፈፈ ነበር፤ ታች ሽማግሌዎቹ ነጭ ነጭ ለብሰው ወደ ቤታችን ሲገቡ አየናቸው።

«ዛሬ ደግሞ ምን ጠፋባቸው?» አለች አኮ።

«ድመት ይሆናል» አልኳት።

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ ያን ጠዋት ዳገቱ ላይ ሁለታችን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ከዚያ ጩኸቱ መጣ። መጀመሪያ የሰው አልመሰለኝም፤ ፈረስ የወደቀ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ «ዋይ!» የሚለው ተለይቶ ተሰማ።

አኮ ዓይኗን ወደ ሮቤ ሜዳ አሻግራ እንዳለች፣ «የማን ቤት ነው?» አለች።

ከእኛ በታች ያለው ቤት አንድ ብቻ ነው።

«የማን ቤት ነው አልኩሽ፣ ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ!»

«የእኛ ነው አኮ።»

«ላሟ ሞታ ይሆናል» አለች። «የከተማ ልጅ አይደለች፤ ለላም ታለቅሳለች።»

ከየአቅጣጫው ሰው መሮጥ ጀመረ። ሴቶች ነጠላቸውን እየጎተቱ፣ ወንዶች ማረሻቸውን ጥለው፣ ከወንዙ ማዶ ሳይቀር። አኮ የሚሮጡትን እያየች ቆየች።

«ለላም ይኼን ያህል ሰው አይሮጥም» አለች በመጨረሻ፣ በራሷ አፍ። ከዚያ ተቀመጠች። ባዶው ማሳ ላይ፣ ጤዛው ላይ። ሽማግሌዎቹ ስንት ጠዋት ሙሉ ሲመኙት የነበረውን መቀመጥ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እጇን ያዝኳት። ዱላዋን የያዝኩ መሰለኝ፤ እጇ መልሶ አልጨበጠኝም።

ቤት ውስጥ የሆነውን እናቴ ነገረችኝ። ሽማግሌዎቹ ገብተው፣ ወንፊት ልንዋስ ነው አሉ። የአጎቴ ሚስት «እሺ» ብላ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ወንፊት አልያዘችም፤ የጆሮ ጌጧን አውልቃ፣ ሻሿን ፈትታ፣ ጸጉሯን በትና ወጣች፤ ጮኸች። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ።

«ማን ነገረሽ? ማነው የነገረሽ?»

«እናንተ ናችኋ! በየጠዋቱ!»

ሐዘን ተቀመጥን። ሬሳ የለም፤ ሸኹ ለሩቅ ሟች የሚሰገደውን ሶላት አሰገዱ። የወረዳው ሰውዬ፣ ያ መኪና ላይ ቆሞ ስለ አገር የተናገረው፣ ስብሰባ አለበት ተባለና አልመጣም። የኮምባይነሩ ረዳት መጣ። ከሁሉ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው። ሰው ደግፎ ይዞት፣ ውሃ አጠጥቶት፣ «ጓደኛው እኮ ነው፣ አንጀቱ አልችል ብሎ ነው» ይባልለት ነበር። አባቴ ተነስቶ ወጣ፤ በረት ውስጥ ከላሞቹ ጋር ቆሞ አገኘሁት።

ያ የሚያነክሰው ልጅ በመጨረሻ ቤታችን ገብቶ ተናገረ። ምሽግ ውስጥ የሁሉንም ልብስ የሚሰፋው አጎቴ ነበር አለ። ሱሪው የተቀደደ፣ ቁልፉ የወለቀ፣ ሁሉ ወደ እሱ ነው። አለቆቹ ሳይቀሩ ኮታቸውን ይልኩለት ነበር። የሞተው ግን በውጊያ መሃል አይደለም፤ ረጭ ባለ ቀን ጀሪካን ይዞ ውሃ ሊቀዳ ሲወርድ ነው።

«እሱ ከሞተ በኋላ እንደተቀደድን ቀረን» አለ ልጁ። ሰው የሳቀ አልነበረም፤ አጎቴ ቢሰማ ግን ይስቅ ነበር።

አኮ ይህን ሁሉ ሰማች። እንባዋን አላየሁም። ለቀስተኛው ሲበተን የተናገረችው አንድ ነገር ነው፦

«ልጄን የገደለችው እሷ ናት። እኔ አቆይቼው ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአጎቴ ሚስት እጅ ውሃ እንኳ አልጠጣችም። ኢዳዋ እስኪያልቅ፣ ባል የሞተባት ሴት የምትጠብቀው ጊዜ ማለት ነው፣ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች። እናቴ መሃል ሆና «እሳቸው እንዲህ አሉ፣ እሷ እንዲህ አለች» ማለት እንኳ አልቻለችም፤ የሚባል አልነበረማ። እኔ ከማን ጋር እንደምሆን አላወቅሁም። አኮን እወዳታለሁ። ግን በየጠዋቱ ጎህ ሲቀድ ሻሽ አስሮ መቀመጥ ምን እንደሆነም አይቻለሁ።

ኢዳው ሲያልቅ ወደ ጎባ፣ ወደ አባቷ ቤት ልትሄድ ተነሳች። አባቴ እስከ ሮቤ ሊሸኘን፣ እኔ ደግሞ ለጥቂት ቀን ጎባ ልቆይላት ተባለ። ስትወጣ አኮ መደቡ ላይ ነበረች። የአጎቴ ሚስት ተንበርክካ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ አለች። አኮ ቡሉኮዋን ስባ ጉልበቷን ሸፈነች።

«እማ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

አኮ ግድግዳውን እያየች፣ «በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል» አለች።

ዘጋችው።

ከሮቤ ሚኒባስ ውስጥ ገብተን፣ አባቴ በመስኮት ተሰናብቶን፣ መኪናው ከከተማው ገና ሲወጣ ማልቀስ ጀመረች። የዚያን ጠዋት ዓይነት ጩኸት አይደለም። ቀስ ብሎ፣ ትከሻዋ ብቻ እየተንቀጠቀጠ። አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን ወደ ጭናቸው ሰብስበው አዩዋት።

«ምን ሆና ነው?» አሉኝ።

«ባሏ ሞቶ ነው።»

«ኢና ሊላሂ! ዛሬ ነው?»

«ቆይቷል። በጦርነቱ ነው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስትሆን ነበር?»

እሷ ራሷ ቀና አለች።

«ያኔ የጮህኩት መጠበቁ እንዲያልቅልኝ ብዬ ነው እማማ» አለቻቸው። «ለእሱ ገና አላለቀስኩም።»

ሴትዮዋ ዘንቢሉን ለእኔ አቀበሉኝና ወደ እሷ ዞሩ።

«ስሙ ማነው? ሳይጠሩትማ አይለቀስም።»

በእኛ አገር ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። የአጎቴ ሚስት «እሱ» ነበር የምትለው፤ ሲርቅ «ያ ሰውዬ» ትለዋለች፤ ሲቀርብ ዝም ብላ ትስቃለች። ከእሷ አፍ ስሙን ሰምቼ አላውቅም። እዚያ ሚኒባስ ውስጥ፣ የማታውቃቸው ሴትዮ ፊት፣ ከንፈሯን አረጠበችና ጠራችው። መጀመሪያ በጣም ዝቅ ብላ፤ ቀጥሎ ሁሉም ተሳፋሪ እንዲሰማ አድርጋ።

ሴትዮዋ ተቀበሏት። ሲያዩት ኖረው የሞተባቸው ይመስል፣ ዜማ አውጥተው፣ ስሙን ከረጅም ቁመቱና ከወጣትነቱ ጋር፣ ከማያውቁት ነገር ሁሉ ጋር እያያያዙ ደረደሩት። ሸኹ ቢሰሙ «እንዲህ ያለ ሙሾ አይፈቀድም» ብለው ይቆጡ ነበር። ሾፌሩ በመስታወቱ አየንና ቴፑን ቀነሰ። ሁለቱ ሴቶች ጎባ እስክንገባ ስሙን ተቀባበሉት።